በሬዎቹ ያከበሩት ገና

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። እሱን በእንቅልፍ ጨረስኩት። ጣርማበር ላይ የደሴን መንገድ ትተን ወደ መንዝ ስንታጠፍ ግን ብርዱ ቀሰቀሰኝ። ታኅሣሥ 26 ነው፤ ለገና ሦስት ቀን ቀርቷል። ጓደኛዬ «ጃኬትህ ይሄ ብቻ ነው?» አለኝ። ይሄ ብቻ ነበር።

የጓደኛዬ ወላጆች ቤት ስንደርስ ሰው የለም። ሁሉም አውድማ ወርዷል፤ ገብስ ይወቃል። አራት በሬዎች እየዞሩ ይረግጣሉ፣ የጓደኛዬ አባት አለንጋ ይዘው ይከተላሉ። ቡሬና ዳልቻ የቤቱ ናቸው፤ ሁለቱ የጎረቤት። ቡሬ በየዙሩ ጎንበስ እያለ ይጎርሳል። አፉን ለምን አያስሩትም ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የሚያበራየውን በሬ አፉን አትሰር ይል የለም መጽሐፉ? ደግሞስ እሱ ያረሰው አይደል!» አሉኝ አባባ።

መንሽ ሰጡኝ። ትንሽ እንዳገላበጥኩ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ሰበብ አላጣሁም፤ ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል።

ማታ ባና ደራርበው አለበሱኝ። ባናው ከራሳቸው በጎች ጠጉር የተሠራ ነው። ይኮሰኩሳል፣ ግን ያሞቃል። ከመደቡ ማዶ፣ እዚያው ቤት ውስጥ፣ ግልገሎቹና አንድ ጥጃ ያድራሉ። ውጭ ቢያድሩ ወይ ብርዱ ወይ ቀበሮ ይጨርሳቸዋል። ሌሊቱን ሲያመሰኩና ሲያስነጥሱ ሰማሁ። ሽታውን ለመድኩት አልልም።

በነጋታው ውቂያው ይቀጥላል ብዬ ማልጄ ተነሣሁ። ለካ 27 መድኃኔ ዓለም ነው። 28 ደግሞ አማኑኤል፣ 29 ራሱ ገና። እነሱ ቤት ሦስቱም ቀን ቀንበር አይነካም፣ አውድማ አይወረድም። የተረፈው ነዶ እንደተከመረ ቀረ። አባባ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሰማይ ሰማዩን ያያሉ። የታኅሣሥ ዝናብ አንዳንዴ አያመጣው የለም።

በሬዎቹ ግን ዐረፉ። በዚያ ላይ ለገና የተጠመቀው ጠላ ሲጠለል አተላው ለእነሱ ሆነ። ቡሬ አፍንጫውን ነክሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚጠጣው። ከጠጣ በኋላ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሰክሯል ብዬ ብምል ቅር አይለኝም።

የጓደኛዬ እናትስ? እሳቸው እንደ ወትሮው ከወፍ ቀድመው ተነሡ። ከበረቱ እበት ዛቁ። በዓል ስለሆነ ኩበት አይጠፈጠፍም፤ መዛቁ ግን አይቀርም። ውኃ፣ እንስራ፣ ምጣድ። ጥገቷን ማለብ። ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾም ስለሆነ ወተቱን የሚጠጡት ሕፃናት ብቻ ናቸው፤ የቀረው ረግቶ በቅል እየተናጠ ቅቤ ሆኗል። እኔ ላግዝዎት ብል «ተው ልጄ፣ እጅህ ይቆሽሻል» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ብዙም አልተከራከርኩም።

የገና ሌሊት ቅዳሴ አስቀድሰው መጥተው፣ ቀሚሳቸውን እንኳ ሳይቀይሩ ላሟ ሥር ቁጭ አሉ።

በጉ የታረደው ጠዋት ነው። ከተማ ውስጥ በግ የሁለት ቀን እንግዳ ነው፤ ይገዛል፣ ግቢ ታስሮ ሰፈሩን ሲረብሽ ያድራል፣ ያልቃል። እዚህ ግን የቤቱ ትንሹ ልጅ፣ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ በጉ ከየትኛዋ እናት እንደተወለደ፣ በየትኛው ክረምት እግሩን እንደተሰበረ ነገረኝ። ያለቅሳል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ እቴ!

«ቆዳው የኔ ነው» አለ። «ለምድ ይሠራልኛል።»

የለበሰው ለምድ ጠጉሩ አልቆ ተልጧል።

ከሰዓት ሜዳ ወረድን። የጌታን ልደት የሰሙ እረኞች በዱላቸው ተጫወቱ ይባላል፤ ገና የእረኞች በዓል ነው። ሆኖም በጎቹ ይህን አያውቁም። ልጆቹ የተቆለመመ ዱላቸውን ይዘው ሩሯን ሲያሳድዱ፣ ተራ የደረሰው አንዱ እየወጣ ወደ ማሳ ያመለጡትን ይመልሳል። ጭላዳዎች ከገደሉ አፋፍ ተቀምጠው ሣር እየነጩ ያዩናል። እኔም ገባሁ። ወዲያው ቁርጭምጭሚቴን አገኙኝ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» ብለው ሳቁብኝ። ምን ይባላል?

ማታ እያነከስኩ ስመለስ ቆዳው ከደጅ በችካል ተወጥሯል። ልጁ ጠጉሩን ዳበስ ዳበስ አደረገና ግልገሎቹን ሊያስገባ ሮጠ።

በ30 ገና ሳይነጋ የአባባን ድምፅ ሰማሁ። ዳልቻ ወጥቷል። ቡሬ ግን ከተኛበት ንቅንቅ አልልም ብሏል።

«ተነሥ እንጂ አንተ!» ይላሉ አባባ። «ገና እኮ አለፈ!»