የቤት ፋይል ሰርቨር ፍጥነት ሲዋዥቅ መነሻውን ለይቶ ማግኘት

ከኮምፒውተሬ ወደ ቤቴ ፋይል ሰርቨር ትልልቅ የቪዲዮ ፋይሎችን ስገለብጥ ፍጥነቱ በሰከንድ 110 ሜጋባይት ገደማ ይጀምርና ጥቂት ጊጋባይት ካለፈ በኋላ ከ20 በታች ይወርድ ነበር፤ አንዳንዴም ዜሮ ላይ ቆይቶ እንደገና ይነሳል። ፍጥነቱ ሁልጊዜ ዝቅተኛ ቢሆን ኖሮ ፍለጋው ቀላል በሆነ ነበር። የሚወጣና የሚወርድ ፍጥነት ግን አድካሚ የሚሆነው፣ አንድ ነገር ለውጠን ስንሞክር የታየው መሻሻል ከለውጡ የመጣ ይሁን በአጋጣሚ ከፍ ባለበት ሰዓት ላይ ደርሰን ይሁን መለየት ስለሚያስቸግር ነው። ስለዚህ ምንም ቅንብር ከመንካት በፊት የመዋዠቁን መልክ መመልከት ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ግራፉ መቼ እንደሚወርድና መቼ እንደሚነሳ ስለ መነሻው ብዙ ይናገራልና።

በመጀመሪያ የሚጠበቀውን ቁጥር ማወቅ ያስፈልጋል። የጊጋቢት ኔትወርክ በሰከንድ 1000 ሜጋቢት ስለሚያስተላልፍ ለስምንት ሲካፈል 125 ሜጋባይት ይሆናል፤ ከፋይሉ ጋር አብረው የሚጓዙት የፕሮቶኮል መረጃዎች ሲቀነሱ በተግባር ከ110 እስከ 118 ሜጋባይት ይቀራል። ፍጥነቱ 11 ወይም 12 ላይ ረግቶ ከቆመ ግን መስመሩ ወደ 100 ሜጋቢት ወርዷል ማለት ነው። ጊጋቢት በኬብሉ ውስጥ ያሉትን አራቱንም ጥንድ ሽቦዎች ሲጠቀም 100 ሜጋቢት ሁለቱን ብቻ ስለሚፈልግ፣ አንድ ሽቦ ብቻ ሲጎዳ ግንኙነቱ ሳይቋረጥ ፍጥነቱ በአሥር እጥፍ ሊቀንስ ይችላል።

ቀጥሎ የሚደረገው ኔትወርኩን ከዲስኩ ለይቶ መለካት ነው። አይፐርፍ3 የተባለው ፕሮግራም ከአንዱ ማሽን ሜሞሪ ወደ ሌላው ሜሞሪ ብቻ መረጃ ስለሚልክ ዲስክ በጉዳዩ ውስጥ አይገባም። ሌላ ካልታዘዘ በቀር የሚለካው ለ10 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ችግሩ ከአንድ ደቂቃ በኋላ የሚታይ ከሆነ ይህ ስለማይበቃ ለበርካታ ደቂቃዎችና በሁለቱም አቅጣጫ እንዲሠራ ማዘዝ ይሻላል። በእኔ በኩል ቁጥሩ ከ940 ሜጋቢት ፈቀቅ ሳይል እስከ መጨረሻው ስለዘለቀ ኬብሉም፣ ማሽኖቹን የሚያገናኘው ስዊችም፣ የኔትወርክ ካርዶቹም ከተጠርጣሪነት ወጡ። ይህን ሙከራ በዋይፋይ ማድረግ ግን አልመክርም፤ በዋይፋይ አየሩን ሁሉም መሣሪያዎች በተራ ስለሚጋሩት ፍጥነቱ ጤናማ ሆኖም ይዋዥቃል።

ከዚያ ተራው የዲስኩ ነው። እዚያው ሰርቨሩ ላይ ሆኖ፣ ኔትወርክ ሳይገባበት፣ ከሰርቨሩ ሜሞሪ (ከራሙ) መጠን የሚበልጥ ፋይል መጻፍ ያስፈልጋል፤ ከራም መብለጡም ዋናው ነገር ነው። የሰርቨሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሆነው ሊኑክስ የሚጻፈውን መረጃ መጀመሪያ ሜሞሪ ላይ ተቀብሎ «ደርሶኛል» የሚል ምላሽ ይሰጣል፣ ወደ ዲስኩ የሚያወርደው ግን ቀስ ብሎ ከበስተጀርባ ነው። ያልወረደው መረጃ ከተወሰነ ገደብ ሲያልፍ የሚጽፈው ፕሮግራም እንዲጠብቅ ይደረጋል። እንግዲህ «መጀመሪያ ፈጣን፣ ኋላ ዝግተኛ» የሆነ ግራፍ በአብዛኛው የሚያሳየው ሜሞሪው የሸፈነለት ዲስክ ከኋላ መከተል እንዳቃተው ነው። የፋይል ሥርዓቱ መረጃ የሚያምቅ ከሆነ ደግሞ በዜሮ የተሞላ የሙከራ ፋይል ታምቆ ወደ ምንም ስለሚጠጋ የማይታመን ከፍተኛ ቁጥር ይሰጣል፤ እንዲህ ሲሆን የማይታመቅ መረጃ መጠቀም ግድ ነው።

የእኔ ሰርቨር በሬይድ 1 የተጣመሩ፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ የሆኑ ሁለት ሃርድ ዲስኮች አሉት። ፋይሉ እየተጻፈ ሳለ የእያንዳንዱን ዲስክ የሥራ ጫና የሚያሳየው አይኦስታት የተባለ ፕሮግራም የሚያወጣውን ሰንጠረዥ በየሁለት ሰከንዱ እያደስኩ ስመለከት ነገሩ ግልጽ ሆነ። አንደኛው ዲስክ እያንዳንዱን የመጻፍ ጥያቄ በጥቂት ሚሊሰከንድ እየመለሰ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ የሁለተኛው የመጠበቂያ ጊዜ ግን ከሺህ ሚሊሰከንድ አልፎ የሥራ ጫናው መቶ በመቶ ላይ ተለጥፏል። ሁለቱም ዲስኮች ጽፈው ካልጨረሱ ሥራው ተጠናቀቀ ስለማይባል ዝግተኛው ፈጣኑን ጎትቶ ያስቀረዋል። ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚመዘግበው የስማርት መረጃ ንጹህ ነበር፦ የተበላሸ ሴክተር የለም፤ በቁጥር 199 የሚመዘገበው፣ ብዙውን ጊዜ ዲስኩን ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘውን የሳታ ኬብል ጉዳት የሚጠቁመው የሲአርሲ (የመረጃ ዝውውር) ስህተትም ዜሮ ነው። መልሱ የተገኘው የዲስኩን የሞዴል ቁጥር በአምራቹ ሰንጠረዥ ላይ በማየት ነው፤ ዲስኩ ኤስኤምአር ነበር።

በኤስኤምአር ዲስክ ላይ የመረጃ መስመሮቹ እንደ ጣራ ቆርቆሮ ጠርዛቸው አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ይቀመጣል። በዚህ መንገድ ብዙ መረጃ ይይዛል፤ ሆኖም በመካከል ያለን መስመር ለመቀየር ከእርሱ ቀጥለው ያሉትንም አብሮ መጻፍ ያስፈልጋል። ይህን ለማቃለል ዲስኩ በተለመደው አሠራር የሚጻፍበት ጊዜያዊ ማቆያ ቦታ ተትቶለታል፤ መረጃውን መጀመሪያ እዚያ ይቀበልና ፋታ ሲያገኝ ወደ ተደራረቡት መስመሮች ያዛውረዋል። ማቆያው ሲሞላ ፍጥነቱ ይወድቃል፣ ዲስኩ ትንሽ ሲያርፍ ይነሳል። ንባብን ስለማይነካም ከሰርቨሩ ወደ ኮምፒውተሬ ስገለብጥ ፍጥነቱ ፈጽሞ አይዋዥቅም ነበር፤ ይህ ልዩነት ጥሩ ፍንጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ለቤት ፋይል ሰርቨር ተብለው ከተሸጡ ዲስኮች አንዳንዶቹ ሳይገለጽ ኤስኤምአር እንደነበሩ ይፋ ሆኖ ተጠቃሚዎችን አስቆጥቷል፤ ቁጣቸውም ተገቢ ነበር ባይ ነኝ። ከዚያ ወዲህ አምራቾች ዝርዝሩን ስለሚያወጡ ከመግዛት በፊት የሞዴል ቁጥሩን ማረጋገጥ ይቻላል። ርካሽ ኤስኤስዲዎችም ፈጣኑ ማቆያቸው ሲሞላ ተመሳሳይ መልክ ያሳያሉ።

የሚገለበጠው በሺዎች የሚቆጠር ትንንሽ ፎቶ ከሆነ መዋዠቁ የብልሽት ምልክት ላይሆን ይችላል፤ ፋይሎችን በኔትወርክ ለማጋራት የሚያገለግለው ኤስኤምቢ የተባለ ፕሮቶኮል ለእያንዳንዱ ፋይል የመክፈት፣ የመጻፍና የመዝጋት ምልልስ ስለሚያደርግ ሁሉንም በአንድ የታር ፋይል ጠቅልሎ መላክ ይሻላል።

ለእንዲህ ዓይነት ችግር በቅድሚያ ከሚሰጡት ምክሮች አንዱ የፓኬት መጠንን ወደ 9000 ባይት ማሳደግ ነው። በጊጋቢት መስመር ላይ የሚገኘው ጥቅም ጥቂት በመቶ ብቻ ሲሆን፣ በመንገዱ ላይ ያለ አንድ መሣሪያ ካልተስማማ ግንኙነቱ በመሃል እየቆመ ሌላ መዋዠቅ ይፈጥራል። መስመሩ 940 ሜጋቢት እያደረሰ እያለ ይህን ለመነካካት ምንም ምክንያት አይታየኝም።

ዝግተኛውን ዲስክ መስመሮቹ በማይደራረቡበት በሲኤምአር ዲስክ ከተካሁትና መረጃው ሙሉ በሙሉ ከተገለበጠበት በኋላ የሁለቱም የመጠበቂያ ጊዜ ተቀራረበ። የወጣው ዲስክ ጤናማ ስለሆነ አንዴ ተጽፎ ብዙም ለማይቀየር መጠባበቂያ እጠቀምበታለሁ። ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ በሚያጣምሩት በሬይድ 5 ወይም በዜድኤፍኤስ ጥምረት ውስጥ ግን አላስገባውም፤ እዚያ አንድ ዲስክ ሲበላሽ የሚተካው ዲስክ ለብዙ ሰዓታት ያለ ፋታ ይጻፍበታል፣ ኤስኤምአር የማይችለውም ይህንኑ ነው።