ላቭ እኮ ሰው ነው

ዳላስ ታክሲ ስነዳ አብዛኛውን ቀን የማሳልፈው ላቭ ፊልድ ኤርፖርት፣ ወረፋ ላይ ነበር። የሠራበት ያውቀዋል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ትጠብቅና የደረሰህ ሰው «ዳውንታውን» ይልሃል። አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ። በዚያች መንገድ ቲፕ የሚያመጣ ወሬ ያስፈልግሃል።

የእኔ ወሬ የኤርፖርቱ ስም ነበር። እንግዳ ሁሉ «ለምን ላቭ ተባለ?» ይላል። እኔም «ድሮ ፍቅረኛሞች አውሮፕላን ሲነሳ የሚያዩበት ሜዳ ነበር» እላለሁ። ከየት እንዳመጣሁት እግዜር ይወቀው። እውነተኛ ታሪክ ጠፍቶ አይደለም፤ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በፈረንጆቹ 1963 የተገደሉ ዕለት ምክትላቸው ጆንሰን ለፕሬዚዳንትነት ቃለ መሐላ የፈጸሙት እዚሁ ቆሞ በነበረ አውሮፕላን ውስጥ ነው። እሱ ግን ቲፕ አያመጣም።

አንድ ቀን ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ተሳፈሩ። ምንም አልጠየቁኝም፤ ለምዶብኝ ራሴው ጀመርኩት። ሞኪንግበርድ መንገድ የትራፊክ መብራት ላይ ቆመናል። እስክጨርስ ዝም ብለው ሰሙኝና፣

«ላቭ እኮ ሰው ነው» አሉ።

«አቤት?»

«ሞስ ላቭ። የጦሩ መቶ አለቃ። በ1913 ሳንዲያጎ ላይ ለአብራሪነት ፈተና ሲለማመድ ተከስክሶ ሞተ። በ1917 ጦሩ ይህን ሜዳ ሲያቋቁም በስሙ ጠራው።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል። ከኋላ ክላክስ ይነፋል። እኔ በመስታወቱ እሳቸውን አያለሁ። መዋሸቴ አይደለም ያናደደኝ። አገሬ ፍቅሩ፣ ፍቅርተ፣ ፍቅረማርያም ሞልቶ፣ «ላቭ» የሰው ስም ይሆናል ብዬ አንድ ቀን እንኳ አለማሰቤ ነው።

ሲወርዱ ሒሳቡን ከፈሉ። መልሳቸውን እስከ ሳንቲሟ ተቀበሉ።

ያን ሳምንት እውነቱን ስናገር ሰነበትኩ። ወደ ኤርፖርት የማደርሳት አንዲት ሴትዮ «ተከስክሶ» ስል ቀበቶዋን ጠበቅ አደረገች። ቲፕ የለም። ወረፋ ላይ ለጓደኛዬ ብነግረው፣

«ቆይ፣ አሁን ልትበር ለምትሄድ ሴት ነው ይህን የምታወራው? ጤነኛ ነህ?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ከኤርፖርት ለሚወጣ መቶ አለቃውን፣ ወደ ኤርፖርት ለሚገባ ፍቅረኛሞቹን አወራ ጀመር። ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ከገባ ግን ስለ ሙቀቱ ብቻ። ዳላስ ደግሞ ባርኔጣ የሚያደርግ ሽማግሌ መች ጠፍቶ።