ስም ያልወጣለት

ዛሬ ደብሮኛል። ምክንያት የለውም፣ ወይም አለው ግን ትንሽ ነው። ላቦራቶሪያችንን እያጸዳን ነበርና አለቃዬ ከፍሪዘሩ የማይፈለገው ሁሉ ይውጣ አለ። ከወጡት ብልቃጦች ግማሹ ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ የኔ ነው። እንግዲህ የማይፈለግ የሚባለው ይሄ ነው።

ብልቃጥ ይዤ እንደቆምኩ ሆርዊትዝ ትዝ አለኝ። ጄሮም ሆርዊትዝ ዲትሮይት ውስጥ የካንሰር መድኃኒት የሚፈልግ ኬሚስት ነበር። በ1964 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ኤዜድቲ የሚባለውን ሞለኪውል ሠራ። ሐሳቡ ደስ ይላል። ዲኤንኤ ሲገነባ ፊደላቱ እየተቀጣጠሉ ነው የሚሄዱት፣ ቀጣዩ ፊደል የሚይዘው ደግሞ ከፊቱ ያለው ፊደል ስኳር ላይ ያለችውን ኦኤች (አንድ ኦክስጅንና አንድ ሃይድሮጅን) ነው። ሆርዊትዝ እሷን ነቅሎ በቦታዋ አዛይድ ሰካ፣ ሦስት ናይትሮጅን። ኤንዛይሙ እውነተኛ ፊደል መስሎት ያስገባዋል፣ ከዚያ ወዲያ መያዣ የለም፣ ሰንሰለቱ ይቆማል። ካንሰሩም ይቆማል ተብሎ ታሰበ። ሉኪሚያ ባለባቸው አይጦች ላይ ተሞከረ። ምንም። ሰውየው ፓተንት እንኳ ሳያወጣለት ተወው።

ከዚያ ኤችአይቪ መጣ። ቫይረሱ አርኤንኤውን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጥበት ኤንዛይም ለካ በዚህች ሞለኪውል በቀላሉ ይሸወዳል። በ1987 የመጀመሪያው የኤችአይቪ መድኃኒት ሆኖ ጸደቀ፣ ለአንድ ሰው በዓመት ወደ 10,000 ዶላር። ሆርዊትዝ ከሽያጩ ምንም አላገኘም። እኔን የሚገርመኝ ግን ገንዘቡ አይደለም (ውሸቴን ነው፣ እሱም ይገርመኛል)። በመሀል ባሉት ዓመታት ሰውየው ሥራው ከከሸፈበት ከማንኛውም ኬሚስት በምን ይለያል? በምንም።

አንቶኒን ሆሊ ደግሞ አለ። ፕራግ ሆኖ የሠራቸውን ውህዶች በፖስታ ቤልጂየም ለኤሪክ ደ ክሌርክ ይልክለታል፣ ደ ክሌርክ ቫይረስ ላይ ይሞክራቸዋል። እንደ ኤዜድቲ ፊደል መስሎ የሚሸውድ መድኃኒት ሴል ውስጥ ገብቶ ፎስፌት (ፎስፈረስና ኦክስጅን ያለበት ቁራጭ) ካልተለጠፈበት አይሠራም፣ የመጀመሪያዋን ፎስፌት ለመለጠፍ ደግሞ ሴሉ ይለግማል። ሆሊ ራሱ ቀድሞ ለጠፈው፣ ያውም በቀላሉ በማይላቀቅ የካርቦንና የፎስፈረስ ቦንድ። አሁን ደግሞ በቻርጁ፣ በተሸከመው የኤሌክትሪክ ሙል፣ የተነሳ ሴል ውስጥ አልገባ አለ! በኋላ ቻርጁን የሚሸፍን ጭንብል ተሠራለት፣ ሰውነት ውስጥ ሲደርስ የሚወልቅ። ቴኖፎቪር ማለት ይሄ ነው፣ በ2001 የጸደቀው። ዛሬ አገር ቤት በቀን አንዴ በምትዋጠው ክኒን ውስጥ አለ።

የኛ ሰፈር ሰው ግን አልደረሰበትም። አንዱ ቤት የተተከለው የዕድር ድንኳን ሳይነቀል ሌላው ጋ ለቅሶ የሚጀመርበት ጊዜ ነበር። በሽታው በስሙ አይጠራም፣ "ሳንባ ነው" ይባላል። መድኃኒቱ በነጻ መታደል የጀመረው በ2005 ነው። ጋሼ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ እያልኩ አሁንም አሰላለሁ፣ ስሌቱ ምንም እንደማይለውጥ እያወቅኩ።

ሆርዊትዝም ሆሊም የሞቱት በ2012 ነው። ሆሊ ያረፈው ቴኖፎቪር ያለበት ትሩቫዳ የሚባለው ክኒን አሜሪካ ውስጥ ለመከላከያነት በጸደቀበት ዕለት ነው። እንዲህ ያለ መገጣጠም ልብ ወለድ ውስጥ ባነበው አላምንም ነበር።

በኛ ሙያ ሁሉም ሰው የኤዜድቲን ታሪክ ይወደዋል፣ ምክንያቱም ያጽናናል። እኔ ብዙም አላምነውም። ለአንድ ኤዜድቲ ስንት ሺህ ብልቃጥ ተደፍቶ ቀርቷል፣ የነሱን ታሪክ ማን ይተርካል? ደግሞስ የከሸፈው ሥራዬ አንድ ቀን ይፈለጋል ብሎ መመኘት፣ አዲስ በሽታ ይምጣልኝ ብሎ መመኘት አይደለም እንዴ? ይሄን ለማንም አልተናገርኩትም፣ እዚህ ነው የምጽፈው።

ባለፈው አክስቴ ደውላ "አንቺ የሠራሽው መድኃኒት ስሙ ማነው? ለሰው ልንገር እንጂ" አለችኝ። ገና ቁጥር እንጂ ስም የለውም አልኳት።

"ይሄን ሁሉ ዓመት ክርስትና አልተነሳም?"

ወንድ ነው ሴት ብላ ሳትጠይቀኝ ቶሎ ብዬ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ጠየቅኳት።