ደከመ የተባለው ሞተር

የጥገና ማዘዣው ላይ «ጉልበት አንሶታል» ተብሎ የተጻፈበት ባለአራት ጎማ የሥራ ሞተር ወደ ጋራዣችን ሲገባ፣ የቴክኒክ ክፍሉ ኃላፊ ውሳኔያቸውን ቀድመው ጨርሰው ነበር። ባለ 500 ሲሲው ተወግዶ ከ700 ሲሲ በላይ የሆነ እንዲገዛ የሚጠይቀው ደብዳቤ ተዘጋጅቶ ስለነበር፣ ከእኔ የሚጠበቀው ሞተሩ መድከሙን አይቶ መፈረም ብቻ ነበር።

እኔ ግን ሞተሩን ከመንካቴ በፊት የሲቪቲውን፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት በሁለት ፑሊዎች መካከል በሚዞር የጎማ ቺንጋ የሚያስተላልፈውን ክፍል፣ ክዳን ፈታሁ። ውስጡ በጥቁር የጎማ ብናኝ ተሸፍኗል። ቺንጋው ዙሪያውን ተቃጥሎ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ሲሆን፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ከግራም ከቀኝም ተበልቶ ጠቧል። ዙሪያውን ማብለጭለጩ ጭነት ይዞ እየተንሸራተተ ረጅም ጊዜ መሥራቱን ይናገራል፤ አንድ ቦታ ላይ መበላቱ ደግሞ ጎማዎቹ ቆመው በሞተሩ የሚዞረው የፊተኛው ፑሊ በቺንጋው ላይ ብቻውን መሽከርከሩን ያሳያል። ማዘዣው ላይ ስለዚህ አንድም ቃል አልተጻፈም።

ኃላፊው አጠገቤ ቆመው ሲመለከቱ ከቆዩ በኋላ፣ «ሞተሩ ይጮኻል፣ ግን አይሄድም። ታዲያ የደከመው ሞተሩ ካልሆነ ማን ነው?» አሉኝ።

«ኢንጂነር፣ ሞተሩ ቢደክም ኖሮ እንዲህ መጮኽ ያቅተው ነበር» አልኳቸው።

መልሱ እንዳልጣማቸው ፊታቸው ይናገር ነበር። ቺንጋውን ከእጄ ተቀብለው ካገላበጡት በኋላ «ፎርጅድ ይሆናላ!» ብለው መለሱልኝ። የፋብሪካው ቁጥር ጀርባው ላይ በግልጽ ይነበብ ስለነበር፣ እሱን በጣቴ ከማሳየት በቀር ሌላ አልተናገርኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለፍጥነት በሚሆነው ቀላል ማርሽ ከባድ ተሳቢ እየጎተቱ በዝግታ ሲሄዱ፣ ጎማዎቹ የሚፈልጉትን ጉልበት ለማድረስ ቺንጋው ለጉልበት በሚሆነው ከባድ ማርሽ ከሚሸከመው እጅግ የበለጠ ኃይል ይሸከማል። የፊተኛው ፑሊ ደግሞ ቺንጋውን አጥብቆ የሚይዘው በውስጡ ያሉት ክብደቶች በፍጥነት ሲሽከረከሩ ስለሆነ፣ በዝቅተኛ ዙር ላይ መያዣው ይላላል፤ መንሸራተት ይጀምራል፤ ሙቀቱን የሚያወጣው ነፋስም በዚያ ዙር ደካማ ነው። በዚህ ላይ «እንዲያምር» ተብሎ ባለ 25 ኢንቹ ጎማ በ27 ኢንች ተቀይሮ ነበር፤ ይህ ብቻውን የቺንጋውን ሸክም 8 በመቶ ያህል ይጨምራል። ታዲያ ትልቅ ሞተር ቢገባበት ቺንጋውን ይበልጥ ፈጥኖ ከማቃጠል ሌላ ምን ይፈይዳል?

የኋላ ሞላዎቹም ማስተካከያ ቀለበታቸው በለስላሳው ጫፍ ላይ እንዳለ ነበር። ተሳቢው ሲጫን ኋላው ስለሚሰምጥ አክስሎቹ በማይገባ ማዕዘን ይሠራሉ፤ የአንደኛው አክስል መገጣጠሚያ የላስቲክ ሽፋን ተቀዶ ግራሱ የእግሩን ጎማ ጎን አልብሶታል። እያንዳንዱ ጎማ ለየብቻ የሚንቀሳቀስበት የኋላ ሱስፔንሽን ለነጂው ወገብ ደግ መሆኑን አልክድም፤ ይሁን እንጂ ቀኑን ሙሉ ጭነት ለሚጎትት ሰው፣ ቢጫንም ከመሬት ከፍታው የማይወርደው ወጥ አክስል ያን ያህል የሚናቅ አልነበረም።

ሾፌሩን ለምን ከባድ ማርሽ እንደማይጠቀም ስጠይቀው አፉን ሳይከፍት ወደ መሪው አመለከተኝ። በፕላስቲክ የተለበጠ፣ ማኅተም ያረፈበት ማስታወቂያ «ነዳጅ ለመቆጠብ ከባድ ማርሽ ለጭቃ ብቻ» ይላል። ጥጉን በጥፍሬ ሳነሳው ከሥሩ የአምራቹ ምልክት ብቅ አለ፤ ተሳቢ ሲጎተት ከባድ ማርሽ እንዲገባ የሚያዝዘው ምልክት። ማስታወቂያው ላይ ያለውን ፊርማ ከማዘዣው ፊርማ ጋር ማመሳከር አላስፈለገኝም፤ ፈራሚው አጠገቤ ቆመው ሰዓታቸውን እያዩ ነበር።

ቺንጋው ተቀየረ፣ ፑሊዎቹ ተጠረጉ፣ ሞላዎቹ ጠበቁ፤ ሞተሩም በከባድ ማርሽ ያንኑ ተሳቢ ያለ ጩኸት ጎተተ። የግዢው ደብዳቤ ግን አልተመለሰም፤ አዲሱ ትልቅ ሞተር ሲመጣ ማስታወቂያውም ተባዝቶ ተለጠፈበት። እኔም በግዢ ዝርዝሩ ላይ መጠባበቂያ ቺንጋዎች እንዲጨመሩ ጠየቅኩ። ኃላፊው እሱን ሳያቅማሙ ፈረሙልኝ።