ድንቅነሽን ከግድግዳ ያወረድንባቸው አምስት ቅዳሜዎች

ፉሪ ውስጥ፣ ከዓለም ገና ወደ ቡታጅራ ከሚወስደው መንገድ ብዙ ሳይርቅ፣ ለሰፈሩ ልጆች የተከፈተች ትንሽ የሳይንስ ማሳያ ቤት አለች። ሁለት ክፍልና አንድ ግቢ ናት። በሥራ ቀናት ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ የዚህችን ቤት ፕሮግራም እመራለሁ። ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ ያዘጋጀነው ትርኢት እንዴት እንደተበላሸና እንዴት መልሰን እንደሠራነው የሚጠይቁኝ መምህራን ስለበዙ፣ ስሕተቴን ሳልደብቅ የሆነውን ልጻፈው።

ጥፋቱ የጀመረው ከሥዕሉ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ሥዕል ነው፦ በግራ በኩል የጎበጠ ዝንጀሮ፣ ቀጥሎ ትንሽ ቀና ያለ፣ ቀጥሎ ይበልጥ ቀና ያለ፣ በመጨረሻ በስተቀኝ ጦር ይዞ የሚራመድ ሰው። በትልቁ አሳትመን ከመግቢያው ፊት ለፊት ሰቀልነው። ከጎኑ የድንቅነሽን አጽም ፎቶግራፍ አደረግን። በመጀመሪያዋ ቅዳሜ ወደ 40 የሚሆኑ ልጆች መጡ። በሁለተኛዋ ቅዳሜ 17 ብቻ ነበሩ።

በመካከሉ የሆነውን ያወቅኩት አንዲት እናት በር ላይ ጠብቃ ስታነጋግረኝ ነው። «መምህርት፣ ልጄን ዝንጀሮ ነህ ብላችሁ ላካችሁብኝ» አለችኝ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር፤ እሷ ግን አዝና ነበር።

በዚያ ሌሊት ስለዚህ ቃል ብዙ አሰብኩ። በአማርኛ ዝንጀሮ ስድብ ነው። ቺምፓንዚን፣ ጎሪላንና ኦራንጉታንን አንድ ላይ የምንጠራበት፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው የራሳችን ስም ስለሌለን ሁሉንም ዝንጀሮ ብለን እናልፋለን። ሳይንሱ ግን «ሰው ከዝንጀሮ መጣ» ብሎ አያውቅም። የሚለው፣ የሰውና የቺምፓንዚ የዘር ሐረግ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከአንድ የጋራ ቀደምት ተነስቶ ተለያየ ነው። በሙገር ገደል አፋፍ ሣር ሲነጭ የምናየው ጭላዳ የማንም አያት አይደለም፤ እሱም የራሱን መንገድ ተጉዞ ዛሬ ላይ የደረሰ ፍጡር ነው። ሥዕላችን ይህን አልተናገረም። አንዱ ሌላውን እየተካ በአንድ መስመር የሚሄድ ሰልፍ አድርጎ አሳየ። እናትየዋን ያሳዘናት ሥዕል በሳይንሱም ሚዛን የተሳሳተ ነበር።

የቤቱ ኮሚቴ ተሰብስቦ ሥዕሉ ይውረድ፣ ድንቅነሽም አብራ ትውረድ ብሎ ወሰነ። የሥዕሉን መውረድ በሙሉ ልቤ ደገፍኩ። የድንቅነሽን መውረድ መቃወም ሲገባኝ ግን ዝም አልኩ። ሰላም ይሻላል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

በቀጣዮቹ ቅዳሜዎች ስለ ወባ አስተማርኩ። ጥሩ ትምህርት ነበር። ክሎሮኪን ፋልሲፓረም ለተባለው የወባ ዓይነት ለምን መሥራት እንዳቆመና ኮአርተም ለምን እንደተተካበት፣ መድኃኒቱን የተቋቋሙት ጥቂት ተውሳኮች እንዴት ተርፈው እንደተባዙ በባቄላና በምስር ቆጥረን አየን። ማንም ወላጅ አልተቃወመም። ልጆቹም ቀስ በቀስ ተመለሱ። የሚስማማው ተርፎ የሚባዛበትን ተፈጥሯዊ መረጣ፣ የዝግመተ ለውጥን ዋና መንገድ፣ አስተምሬ ስሙን ግን አላነሳሁም። ግድግዳው ላይ ባዶ ምስማር ብቻ ነበር።

ድንቅነሽ ከወረደች በአምስተኛዋ ቅዳሜ አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ምስማሩን እያየች፣ «እዚህ የነበረችው ድንቅነሽ የት ሄደች? ውሸት ሆና ነው ያነሳችኋት?» ብላ ጠየቀችኝ።

መልስ አልነበረኝም። በእኛ ዝምታ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ የተረዱት ይህን ነበር፤ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው፣ ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ የተገኘው፣ ዓለም ስለ ሰው አመጣጥ የሚያስበውን የለወጠችው ድንቅነሽ ውሸት ሆናለች። ከአራት ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ ሲወጡ በብሔራዊ ሙዚየም የምትገኘውን የገዛ አገራቸውን ሀብት ከልጆቹ ላይ የቀማሁት እኔ ነኝ።

ኮሚቴውን እንደገና ሰበሰብኩ። በጎረቤታችን በኬንያ የሆነውን ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 የናይሮቢ ብሔራዊ ሙዚየም ለእድሳት ተዘግቶ ሳለ፣ አንዳንድ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች የጥንት ሰው አጽሞች ጎልተው እንዳይታዩ ዘመቻ ጀምረው ነበር። ዋናው የክርክር ጉዳይ ኬንያዊው የቅሪተ አካል ፈላጊ ካሞያ ኪሜው እ.ኤ.አ. በ1984 በቱርካና ሐይቅ አካባቢ ያገኘው የልጅ አጽም ነበር። ሙዚየሙ ተቃውሞውን ሰማ፣ ተወያየ፣ ሲከፈት ግን አጽሙን ለሕዝብ አቀረበ። መስማትና መደበቅ አንድ እንዳልሆኑ ለማሳየት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አላገኘሁም። ኮሚቴው ፈቀደ፤ ነገር ግን በመጀመሪያ የተቀየሙትን ሰዎች ሄደሽ አነጋግሪ አሉኝ። ትክክል ነበሩ።

በሰፈራችን ቅኔና ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩ አንድ መሪጌታ አሉ። እናቴ ታውቃቸዋለች። ከቅዳሴ በኋላ ከዋርካው ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ስንት ዓመት ነው የምትሏት?» አሉኝ።

«3.2 ሚሊዮን፣ የኔታ።»

«እኛ ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 እንላለን። የእስከ ዛሬው ቢደመርበት 7500ን ትንሽ ቢያልፍ ነው። እናንተ እንዴት ቆጠራችሁት?»

የሚጠይቁኝ ለመርታት መስሎኝ ነበር። አልነበረም። አበቅቴና መጥቅዕ የተባሉት የባሕረ ሐሳብ የዘመን መቁጠሪያ ቁጥሮች ሲደመሩ ለምን ሁልጊዜ 30 እንደሚሆኑ ለልጆች ሲያስረዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ስሌቱን በእውነት ማወቅ ፈልገው ነው። መሬት ላይ በጭራሮ እየጻፍኩ ነገርኳቸው። ፖታሲየም 40 የሚባለው ንጥረ ነገር ግማሹ እስኪለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል፤ ከሚለወጠው ከፊሉ አርጎን የተባለ ጋዝ ይሆናል። እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ በቀለጠው ድንጋይ ውስጥ የነበረው አርጎን ያመልጣል፤ ሲበርድ ቆጠራው ከባዶ ይጀምራል። ስለዚህ በአመዱ ቅንጣቶች ውስጥ የተጠራቀመውን አርጎን የለካ ሰው አመዱ የወደቀበትን ዘመን ያውቃል። ድንቅነሽ ከተገኘችበት ስፍራ አጠገብ እንዲህ ያለ የአመድ ንብርብር አለ።

ረጅም ጊዜ ዝም ብለው መሬቱን አዩ። «ስሌቱ ስሌት ነው» አሉ በመጨረሻ። «መነሻችን ግን አንድ አይደለም።»

ከዚያ ለአዲሱ ሰሌዳ ያረቀቅኩትን ጽሑፍ አሳየኋቸው። የፍጥረት ስድስቱ ቀናት «አንድም ረጃጅም ዘመናት ናቸው» የሚል፣ በቤተ ክርስቲያን የአንድምታ ትርጓሜ ስልት የተጻፈ ዐረፍተ ነገር አስገብቼበት ነበር። ማስታረቄ ነበር፤ ደስ የሚላቸውም መስሎኝ ነበር። ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። «ልጄ፣ ይህን ማን ፈቀደልሽ? አንድም የሚባለው ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። አጥንቱን አንቺ አስተምሪ፤ መጽሐፉን ለእኛ ተዪልን» አሉኝ።

ሁለት ቀን ተከፋሁ። በኋላ ግን በዚህ ሥራ ከተማርኩት ሁሉ ትልቁ ይህ እንደሆነ ገባኝ። ትርኢት አዘጋጆች ተቃውሞ ሲመጣ ሃይማኖቱን ራሳቸው ሊተረጉሙለት ይቸኩላሉ፤ «መጽሐፉ ማለት የፈለገው እንዲህ ነው፣ ስለዚህ ችግር የለም» ይላሉ። ይህ ደግነት ይመስላል። ነገር ግን ማንም መምህር ያልሾመው ሰው የሌላውን መጽሐፍ መተርጎም ነው። ያን ሰሌዳ ብሰቅለው ኖሮ የሙስሊሞቹንና የፕሮቴስታንቶቹን ልጆች ደግሞ ጭራሽ በረሳኋቸው ነበር።

ከፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን የወጣቶች አገልጋይ ጋር የነበረኝ ንግግር የተለየ ነበር። የእሱ ጥያቄ ስለ ዘመን አይደለም። «ሰው እንስሳ ነው ብለን ካስተማርን፣ ነገ አንዱ ሌላውን እንደ እንስሳ ቢያደርገው በምን እንከለክለዋለን?» አለኝ። ይህን ጥያቄ ማቃለል አልችልም፤ በታሪክ ተፈጽሟል። እ.ኤ.አ. በ1906 ኦታ ቤንጋ የተባለ ኮንጎአዊ ወጣት በኒውዮርክ የብሮንክስ መካነ አራዊት ውስጥ፣ በዝንጀሮዎች ቤት፣ ለተመልካች ቀርቦ ነበር። ድርጊቱን አጥብቀው የተቃወሙት ጥቁር አሜሪካውያን የባፕቲስት አገልጋዮች ናቸው። ትርኢቱ ወገናቸውን እንደሚያዋርድ ተናገሩ፤ የዳርዊንን ሐሳብ ለመስበክ የታሰበ መሆኑንም በሃይማኖታቸው ተቃወሙ። ስለ ሰው ክብር እነሱ ትክክል ነበሩ፤ የመካነ አራዊቱ ባለሙያዎች ተሳስተው ነበር። ተቋሙ ይቅርታ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ይህን ለአገልጋዩ ስነግረው ያወረድነው ሥዕል ትዝ አለኝ። ከጎባጣው ዝንጀሮ ወደ ጦረኛው ሰው የሚሄድ ሰልፍ፣ ከሰዎችም መካከል ማን ወደ ኋላ የቀረ እንደሆነ አስቡ ብሎ የሚጋብዝ ሥዕል ነው። የዛሬው ባዮሎጂ ግን ሕያዋን የሰው ልጆች ሁሉ አንድ ዝርያ፣ ከአፍሪካ የወጡ ዘመዳሞች መሆናቸውን ያሳያል። ይህ አሁን በትርኢታችን ውስጥ በትልልቅ ፊደላት ተጽፏል።

አዲሱን ዝግጅት ከጉልበት ጀመርን። ሦስት በጄሶ የተሠሩ የጭን አጥንቶች ስም ሳይጻፍባቸው ጠረጴዛ ላይ አሉ፦ የቺምፓንዚ፣ የዛሬ ሰውና የድንቅነሽ። የሰው ጭን ከዳሌ ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ስንራመድ እግራችን ከክብደታችን ሥር እንዲያርፍ ነው። የቺምፓንዚው ቀጥ ያለ ነው። ልጆቹ ሦስተኛውን ከየትኛው ጋር እንደሚያስቀምጡት ራሳቸው ይወስናሉ፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ከሰው ጋር ያደርጉታል። ከዚያ የጎደለው ተሞልቶ የተሠራ የራስ ቅሏን ቅጂ አመጣለሁ፤ ትንሽ ነው፣ አንጎሏ ከቺምፓንዚ ብዙም አይበልጥም። ጉልበቷ ወደ እኛ፣ ጭንቅላቷ ወደ ማዶ። በዚህች ደቂቃ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ያን ጸጥታ እወደዋለሁ። የሰው ዘር መጀመሪያ አንጎሉ ተለቀ ወይስ በሁለት እግሩ ቆመ የሚለውን የቆየ ክርክር የአንዲት 1 ሜትር ከ10 ሴንቲሜትር ገደማ ቁመት ያላት ፍጡር አጥንት መለሰው፤ ልጆቹም በገዛ እጃቸው እየዳሰሱ ይደርሱበታል።

በሰልፉ ቦታ ዋርካ ሣልን። ብዙ ቅርንጫፎቹ ደርቀዋል። በአንዱ ላይ የ4.4 ሚሊዮን ዓመቷ አርዲ አለች፤ የመጀመሪያውን የእጇን አጥንት ቁራጭ ያገኘው ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ነው። በሌላው ድንቅነሽና የዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን ዲኪካ ላይ ያገኛት የ3.3 ሚሊዮን ዓመቷ ሕፃን ሰላም ናቸው። የኢትዮጵያውያኑን ተመራማሪዎች ስም ሆን ብዬ አጉልቼ ጽፌያለሁ። ይህ ትምህርት ከውጭ የመጣ ባዕድ ነገር ነው የሚሉኝ ወላጆች ብዙዎች ነበሩና።

አንድ የኮሚቴ አባል ከሰሌዳው አናት «አንዳንድ ሳይንቲስቶች እንደሚሉት» የሚል እንድጨምር ጠየቀኝ። እምቢ አልኩ። የባዮሎጂ ሳይንስ የቆመበትን ነገር የጥቂት ሰዎች አስተያየት ማስመሰል ወላጆችን ማክበር አይደለም፤ ማታለል ነው። «የሳይንስ ማስረጃ የሚያሳየው ይህ ነው» ብለን ጻፍን።

ልጆችን «ታምናላችሁ?» ብለን አንጠይቅም፤ «ምን ታያላችሁ? ከምን አወቃችሁ?» እንላለን። አንድ ልጅ ስለ አዳም ሲጠይቀኝ ወደ አባቱ፣ ወደ የኔታ ወይም ወደ ኡስታዙ እልከዋለሁ። ይህ መልስ ለሁሉም እንደማይበቃ አውቃለሁ። አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ «ሁለቱ ቁጥሮች እኮ አይገናኙም» ሲለኝ፣ «አዎ፣ አይገናኙም» አልኩት። ሌላ ማለት አልቻልኩም፤ እሱም ከዚያ ቀን በኋላ አልቀረም።

ከልጆቹ በፊት፣ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ፣ ወላጆች ሁሉንም ነገር እንዲያዩ ቡና አፍልተን እንጠብቃለን። በአንዷ እንዲህ ባለች ጠዋት ነው ስለ ቡናው ራሱ ያወራነው፤ የእኛ አረቢካ ቡና ሁለት ሌሎች የቡና ዝርያዎች በዱር፣ ያለ ሰው እጅ ተዳቅለው የተገኘ መሆኑን። እናቶቹ ከአጥንቱ ይልቅ ይህ ገረማቸው።

ከዚያ የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያዎች ወደተገኙባት ወደ መልካ ቁንጥሬ ሄድን። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ከእኛ ደግሞ ይበልጥ ትቀርባለች፤ ሆኖም ከልጆቹ አንድም ያያት አልነበረም። ባልጩት ከተባለው ስፍራ ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ከሸኙን አባቶች አንዱ ድንጋይ ጠራቢ ነው። በሥዕሉ ጊዜ ሴት ልጁን ካስቀሩት አንዱ ነበር። የእጅ መጥረቢያውን በመስታወት ውስጥ ጎንበስ ብሎ አየና ልጆቹን ጠርቶ የትኛው ጎን መጀመሪያ እንደተመታ፣ እጅ እንዴት እንደዞረ በአየር ላይ እያሳየ አስረዳቸው። «ይህን የመታው ሰው ድንጋይ ያውቃል» አላቸው። 700 ሺህ ዓመት ዕድሜ ያለው የሕፃናት የእግር ዱካ በዚያው አካባቢ እንደተገኘ ስነግራቸው ልጁ የራሷን እግር አፈሩ ላይ አትማ ለካችው።

ያልተመለሰም አለ። ከመጀመሪያዋ ቅዳሜ ልጆች መካከል በጣም ጠያቂ የነበረው የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነው። አባቱን ሦስት ጊዜ ቤቱ ድረስ ሄጄ አነጋግሬዋለሁ፤ በአክብሮት ተቀብሎኛል፣ ሻይ አቅርቦልኛል፣ የጀሶውን አጥንት ሳይቀር በእጁ ይዞ አይቷል። «ልጄን አልልክም» አለኝ፤ ምክንያቱንም ነገረኝ፣ ሰማሁት። በእድራችን ስንገናኝ እንደ ቀድሞው ሰላም እንባባላለን። ልጁ አንዳንድ ቅዳሜ ከአጥሩ ውጭ ኳስ ይዞ ይቆማል። ወደ ውስጥ አልጠራውም፤ የአባቱን ቃል ማፍረስ ይሆንብኛል። መስኮቱን ግን ክፍት አድርጌ አስተምራለሁ።