የመኝታ ቤቱ ንድፍ

ትናንት ማታ በጊዜ ልተኛ ብዬ ነበር። «ጁዳስ ኤንድ ዘ ብላክ ሜሳያ» የሚለውን ፊልም ከፈትኩና ጉድ ሆንኩ። ርዕሱ ራሱ ይሁዳ ይላል። ማን ማንን እንደሚሸጥ ገና ሳይጀመር ታውቃለህ። ስለዚህ መጨረሻው ብዙም አይነካኝም ብዬ ነበር።

ታሪኩ የቺካጎ ነው። ፍሬድ ሃምፕተን ለጥቁር አሜሪካውያን መብት የሚታገለው የብላክ ፓንተር ፓርቲ የኢሊኖይ ቅርንጫፍ ሊቀ መንበር ነበር። ለሕፃናት ነፃ ቁርስ የሚያበላ፣ ጥቁሮችን፣ ፖርቶ ሪኮዎችንና ድሃ ነጮችን ባንድ ያሰለፈ ሰው። የጥበቃው ኃላፊ ዊልያም ኦኒል ነው። ኦኒል መኪና ሰርቆ ተይዟል፤ ክሱ እንዲቀርለት ለአሜሪካው ፌደራል የምርመራ ቢሮ፣ ለኤፍቢአይ፣ ጆሮ ጠቢ ሆነ።

እኔን የያዘኝ ንድፉ ነው። ኦኒል የሃምፕተንን ቤት በወረቀት ላይ ሣለላቸው። በሩ እዚህ፣ ሳሎኑ እዚህ፣ አልጋው እዚህ። አልጋው! አብሮ የበላ፣ አብሮ የሳቀ ሰው ካልሆነ ይሄን ማን ያውቃል? እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 4 ቀን 1969፣ ገና ሳይነጋ፣ 14 ፖሊሶች ቤቱን ወረሩት። ከፖሊሶቹ በኩል ከ80 በላይ ጥይት ተተኮሰ፤ ከፓንተሮቹ በኩል አንድ። ሃምፕተን እርጉዝ እጮኛው አጠገብ ተኝቶ ነበር። ማርክ ክላርክ የሚባል ጓዱም ተገደለ። ለኦኒል 300 ዶላር ጉርሻ ተሰጠው። ሠላሳ ብር ላይ አንዲት ዜሮ ጨምር፣ በቃ።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ሃምፕተንን ሆኖ የተወነው ዳንኤል ካሉያ ለዚህ ፊልም ኦስካር ወስዷል፤ ይገባዋል። ግን ሲቀረጽ ሠላሳ ዓመቱ ነበር። ሃምፕተን ሲሞት 21፣ ኦኒል ደግሞ 20 ነበሩ። ልጆች! ፊልሙ ላይ ሁለት ጎልማሶች ነው ያየሁት። ዕድሜያቸውን በኋላ ሳሰላው ነው ሆዴ የተላወሰው። መኪና የሰረቀ ጎረምሳ እስር ፈርቶ ነው እዚህ የገባው። ይህን ስል ደግሞ ጥብቅና የቆምኩለት መሰለኝና በራሴ ተናደድኩ።

መጨረሻ ላይ እውነተኛው ኦኒል ይመጣል፣ ከዓመታት በኋላ በሰጠው ቃለ መጠይቅ። ያኔ ስላደረግከው ለልጅህ ምን ትለዋለህ ሲባል፣ የትግሉ አካል ነበርኩ አለ። መልሼ አየሁት። ቀልዱን አይደለም። ባንዳ ብዬ ልዘጋው ስል፣ እሱ ራሱን ውስጥ አርበኛ አድርጎታል። ይህንን እያመነ ነው የሚያወራው ወይስ እየለመነ? ሁለቴ ባየውም አልለይ አለኝ።

ቃለ መጠይቁ ያለበት ዘጋቢ ፊልም መታየት የጀመረው ጃንዋሪ 15 ቀን 1990 ነው። ኦኒል በዚያው ቀን ሞተ። ሞቱ ራስን ማጥፋት ተብሎ ተመዘገበ።

የሃምፕተን ልጅ የተወለደው አባቱ በተገደለ በ25ኛው ቀን ነው።