ከእህቴ ጋር በሮም፦ ቴስታቾን ሳታዩ እንዳትመለሱ

ሮም የሄደ ሰው ኮሎሲየምን ማየቱ አይቀርም፤ ማየትም አለበት። እኔ ግን ከታላቅ እህቴ ጋር ከተማዋን ከዞርኩ በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ የማወራው ስለ ቴስታቾ ነው። ቲቤር ወንዝ አጠገብ ያለ የድሮ የሠራተኛ ሰፈር ነው። የጥንቷ ሮም የጣለችው ዕቃ እዚያ ተከምሯል። የኋለኛዋ ሮም ሀብታሞች ያልፈለጉት ሥጋም እዚያ ተቀቅሎ የድሃ ቤተሰብ ተመግቦበታል። ተራው ሰው እንዴት ይኖር እንደነበር ከእብነ በረዱ ሐውልት ሁሉ ይልቅ የነገረኝ ይህ ሰፈር ነው።

እህቴ ሮም ብዙ ዓመት ኖራለች። መጀመሪያ የያዘችው ሥራ አንዲት አሮጊት መንከባከብ ነበር። ሴትየዋ የቴስታቾ ልጅ ነበሩ፣ ባለቤታቸውም የሰፈሩ ቄራ ሠራተኛ ነበሩ። ሲኞራዋ ወንበራቸው ላይ ሆነው "እሳቱን ቀንሺ፣ ሴለሪ ጨምሪ" እያሉ ነው ምግብ ያስተማሯት። ጣልያንኛዋንም የለመደችው እዚያው ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ዛሬም ስለ እሳቸው ስታወራ ድምጿ ይለወጣል።

ቄራው የተሠራው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ሲሆን እስከ 1975 ይታረድበት ነበር (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አሁን ከፊሉ የኤግዚቢሽን አዳራሽ፣ ከፊሉ የዩኒቨርሲቲ መማሪያ ሆኗል። ሥጋው የሚሰቀልበት መንጠቆና የሚገፋበት ሐዲድ ግን እስካሁን ከላይ ይታያል፣ እኔም አንገቴ እስኪያመኝ አንጋጥጬ አየሁት። ለአራጆቹና ለቆዳ ገፋፊዎቹ ከደመወዛቸው ከፊሉ በሆድ ዕቃ ይከፈላቸው ነበር። ጥሩ ጥሩው ብልት ለመኳንንቱ፣ ለካህናቱና ለባለጠጋው ይሄዳል፤ የቀረው ጨጓራ፣ አንጀት፣ ጅራት፣ ምላስ ለእነሱ። ሚስቶቻቸውና የሰፈሩ ምግብ ቤቶች ከዚያ የሠሩት ምግብ ኩዊንቶ ኳርቶ ይባላል። ዛሬ ሮማዊ የሚኮራበት ምግብ ይኼ ነው።

ጅራቱን እህቴ ራሷ ቤቷ ሠራችልኝ። በቲማቲምና በብዙ ሴለሪ ለሰዓታት በቀስታ ይበስላል፣ ሥጋው ከአጥንቱ በራሱ እስኪለቅ። አንዳንዶች መጨረሻ ላይ ትንሽ መራራ ካካዎ ይጨምሩበታል፤ ሲኞራዋ ይጨምሩ ስለነበር እሷም ትጨምራለች። እኔ እንደዚያ ያለ ወጥ በልቼ አላውቅም፤ በእጄ ነው የጨረስኩት።

ጨጓራውን የበላነው ግን ሰፈሩ ውስጥ ነው፣ ቅዳሜ ዕለት፤ የሮም የጨጓራ ቀን ከጥንት ጀምሮ ቅዳሜ ነውና። በቲማቲም ተሠርቶ፣ የናና ዓይነት ቅጠልና ፔኮሪኖ የሚባለው የበግ ወተት አይብ ተነስንሶበት ይመጣል። እሷ ደግሞ ፓያታ አዘዘችልኝ። ገና የእናቱን ጡት የሚጠባ ጥጃ አንጀት ነው፣ ወተቱ ከነውስጡ፤ ሲበስል ወተቱ ረግቶ አይብ ይመስላል፣ ከፓስታ ጋር ይበላል። ትንሽ ስቅማማ አየችኝና "አንተ ልጅ፣ ዱለት እየበላህ አድገህ አንጀት ልትፈራ ነው?" አለችኝ። "እታለም፣ እስኪ አንቺ ቅደሚ" አልኳት። ቀደመች፤ እኔም ተከተልኩ፣ ወደድኩትም። በእብድ ላም በሽታ ምክንያት ከ2001 ጀምሮ ፓያታን መሸጥ ተከልክሎ ነበር፤ የተፈቀደው በ2015 ነው። በእነዚያ ዓመታት ምግብ ቤቶቹ የበግ ግልገል አንጀት ይጠቀሙ እንደነበር እህቴ ነገረችኝ፤ ሰው ለአንድ ሳህን ምግብ ይህን ያህል ሲታገል ደስ ይላል።

ከምሳ በኋላ ወደ ጋራው ሄድን። ሞንቴ ቴስታቾ ይባላል። ከሩቁ ሣር የለበሰ ተራ ኮረብታ ነው፣ ቁመቱ ወደ 35 ሜትር ይሆናል። ቀረብ ስትሉ ግን አፈር አይደለም፣ ገል ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር የተሰበረ የዘይት ማሰሮ! በሮም ግዛት ዘመን የወይራ ዘይት ከደቡብ ስፔንና ከሰሜን አፍሪካ በመርከብ ይመጣና ቲቤር ላይ ይራገፍ ነበር። ሸክላው ዘይት ስለሚመጥና ስለሚሸት ማሰሮው ሁለተኛ አያገለግልም፤ ስለዚህ ይሰብሩትና እዚህ ይደረድሩታል፣ ሽታውን እንዲያጠፋም ኖራ ይነሰንሱበታል። ገሎቹ ላይ የላኪው ስምና ክብደቱ በቀለም ተጽፎ ስለተገኘ ተመራማሪዎች የዘይቱን ንግድ ከዚህ ቆሻሻ ነው ያነበቡት። ከጋራው ሥር ተፈልፍለው የተሠሩ ምግብ ቤቶችም አሉ። ባንዳንዶቹ የኋላ ግድግዳው መስታወት ስለሆነ፣ ፓስታችሁን እየበላችሁ ከወዲያ በኩል የተደረደረውን ገል ታያላችሁ። እኔና እህቴ ብዙ ጊዜ የቆየነው እዚያ ነው።

ሌላውን በአጭሩ ልበል። ፓንቴዮን ግቡ፣ በተለይ ሲዘንብ፤ ዝናቡ በጉልላቱ ቀዳዳ ገብቶ ወለሉ ላይ ያርፋል። የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ላይ መውጣት ያደክማል፣ ግን ውጡ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ አለ፣ በ15ኛው መቶ ዘመን ለኢትዮጵያ መነኮሳት የተሰጠው። በግዕዝ የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ በ1513 እዚሁ ሮም ነው የወጣው። እዚያ ይኖሩ የነበሩት ኢትዮጵያዊ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮንም በ1548 እና 49 አዲስ ኪዳንን እዚሁ አሳትመዋል። ይህን ጉልላቱ ላይ ቆሜ ለእህቴ ስነግራት እንባዋ መጣ፤ ያን ያህል ዓመት ኖራ የነገራት ሰው አልነበረም። እሷ ደግሞ ፖርታ ካፔና ወሰደችኝ፣ በ1937 የተወሰደው የአክሱም ሐውልት ወደ አገሩ እስኪመለስ ቆሞበት ወደነበረው አደባባይ። ሐውልቱ አክሱም የገባው በ2005 ነው። እዚያ ባዶ ቦታ ላይ መቆሜ ከብዙ ሙዚየም በላይ ደስ አሰኝቶኛል።

ቡና ስትጠጡ ቆማችሁ ጠጡ፣ ከተቀመጣችሁ ዋጋው ይጨምራል። አዲስ አበባ የለመዳችሁት ማኪያቶ ካማራችሁ ካፑቺኖ እዘዙ፤ እዚያ ማኪያቶ ማለት ወተት ጠብ የተደረገበት ትንሽ ቡና ነው። የታሸገ ውኃ አትግዙ፣ ናሶኒ የሚባሉት የመንገድ ቧንቧዎች በየቦታው አሉ፣ ውኃቸው ቀዝቃዛና ንጹሕ ነው።

ለጾመኛ አንድ ነገር ልንገር። የአይሁድ ሰፈር ከቴስታቾ በእግር ይደረሳል። ጳጳሱ ጳውሎስ አራተኛ በ1555 አይሁዶችን በግንብ አጥረው ያስገቡበት፣ በሩ ማታ ማታ የሚዘጋበት ጠባብ ሰፈር ነበር። ምግቡ ያን መከራ አልፎ የመጣ ነው። የሰፈሩ ትልቁ ምግብ አርቲቾክ የሚባለው አትክልት ነው፤ በዘይት ሁለት ጊዜ ይጠበስና ቅጠሎቹ ተዘርግተው ደርቀው ይመጣሉ፣ ውስጡ ግን ለስላሳ ነው። አይብ የለው፣ ቅቤ የለው፣ እንቁላል የለው። ወቅቱም ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ከሁዳዴ ጋር ይገጥማል። እህቴ በየዓመቱ በጾሙ ትበላዋለች። ኮሸር ምግብ ቤቶቹ ዓርብ ማታና ቅዳሜ ሰንበት ስለሚያከብሩ ይዘጋሉ፤ ከእሑድ እስከ ዓርብ ምሳ ባለው ጊዜ ሂዱ።